የሐርለሟ እማማ ሄል

በኒው ዮርክ ከተማ ሐርለም የሚባል የጥቁሮች ሠፈር አለ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሙሉ በሙሉ ባዳ አይደለም። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሐርለም ሰዎች ለኢትዮጵያ ብለው አደባባይ ወጥተዋል፤ ከኪሳቸውም አዋጥተዋል። ዶክተር መላኩ በያን የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን በ1937 ያቋቋሙት በዚያው በኒው ዮርክ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ሐርለም ድረስ ሄደው የአቢሲንያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንን ጎብኝተዋል።

እንግዲህ በዚያ ዘመን፣ በዚያው ሠፈር፣ ማታ ማታ የቲያትር ቤት ወለል እየጠረገች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ ክላራ ሄል ይባላል። ያኔ ጋዜጠኛ የሚፈልገው ምንም ነገር አልነበራትም። ጋዜጦች በሯን ማንኳኳት የጀመሩት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተው፣ እሷ ሥራ በቃኝ ብላ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ያስመጣቸውም ነገር ሄሮይን የሚባለው አደንዛዥ ዕፅ ሱስ ከያዛቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ናቸው።

ክላራ ማክብራይድ ኤፕሪል 1 ቀን 1905 ተወለደች። ያደገችው በፊላደልፊያ ከተማ ነው። አባቷ ገና በልጅነቷ ሞተ። እናቷ ቤቷን ለተከራይ እያጋራች፣ ለሰው ምግብ እያበሰለች ልጆቿን አሳደገች። ክላራ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት እናቷም ሞተች። ትምህርቷን እንደምንም ብላ ከጨረሰች በኋላ ቶማስ ሄል የተባለ ሰው አግብታ ወደ ኒው ዮርክ ሄደች። ትዳሩ ግን አልቆየም። በ1930ዎቹ ቶማስን ካንሰር ገደለው፤ እሷ ከትንንሽ ልጆች ጋር ቀረች። ጊዜው ደግሞ አሜሪካ ኢኮኖሚዋ ወድቆ ወንዱም ሴቱም ሥራ ያጣበት ጊዜ ነበር። ለአንዲት ጥቁር ሴት የሚገኘው ሥራ ያው የሰው ቤት ማጽዳት ነው። ቀን የሰው ቤት፣ ማታ ቲያትር ቤት እያጸዳች ትውል ታድር ጀመር። ልጆቿ ብቻቸውን ይውላሉ።

ይህ ነገር አላስተኛትም። ታዲያ ምን አደረገች፣ ሥራውን ቤቷ ድረስ አመጣችው። እንደሷ በየሀብታሙ ቤት የሚሠሩ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያስቀምጡበት አጥተው ይቸገሩ ስለነበር፣ በትንሽ ክፍያ ልጆቹን ተቀብላ መጠበቅ ጀመረች። ቀን ቀን ብቻ ይቆያሉ ተብለው የመጡት ልጆች ማታ ወደቤታቸው መሄድ እምቢ አሉ። እናቶቹም የሚሠሩት እዚያው እያደሩ ስለነበር ልጆቹ አምስቱን ቀን እሷ ጋ እያደሩ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ወደ እናታቸው መሄድ ያዙ። ከ1940ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ደግሞ መንግሥት የሚያስቀምጣቸውን ልጆች በአሳዳጊነት ተቀበለች። እስከ 1968 ድረስ አርባ ያህል ልጆች በእጇ አልፈዋል።

የእኛ አካባቢ ሰው ይህን ሲሰማ ጉዲፈቻ ማለቱ አይቀርም። እውነትም ይቀራረባል፤ ግን አንድ ነገር ይለየዋል። በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ የአዲሱ ቤት ልጅ ነው፤ በአሳዳጊው ስም ይጠራል፣ ይወርሳል። አሜሪካኖቹ የሚያደርጉት የአሳዳጊነት ነገር ግን በአደራ ነው። ልጁ ዛሬ አንቺ ጋ ይደር፣ ነገ የእናቱ ቤት ሲስተካከል ይመለሳል ነው ነገሩ። ክላራ ሄል ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የሠራችው ይህንን የአደራ ሥራ ነው፤ አንባቢ ይህን እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

በ1968 ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። በቃኝ አለች።

እስካሁን በልጅነቷም በወጣትነቷም አንቺ እያልኩ መጥቻለሁ። ከዚህ በኋላ ያሉት ክላራ ግን ሐርለም እማማ ሄል የሚላቸው ሴትዮ ስለሆኑ እኔም አንቱ ማለት ይገባኛል።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። በ1969 አንድ ቀን ልጃቸው ሎሬይን በሐርለም ስታልፍ አንዲት ወጣት ሴት ቁጭ ብላ ስታንቀላፋ አየች። እንቅልፍ አልነበረም፤ ሄሮይን ነው። ክንዷ ላይ የታቀፈችው ጨቅላ ሊወድቅ ተንሸራቷል። ሎሬይን ወደ ሴትየዋ ተመልሳ የእናቷን አድራሻ ሰጠቻት፤ እዚያ ሂጂ፣ ትረዳሻለች አለቻት። በማግስቱ ሴትየዋ የእማማ ሄልን በር አንኳኳች። እማማ ሄል ስለ ጉዳዩ የሚያውቁት ነገር ስላልነበረ ግራ ገባቸው። ግን ሕፃኑን ተቀበሉ።

ወሬው በሠፈሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ ተዛመተ። በሁለት ወር ውስጥ አምስት ክፍል ባለው የኪራይ ቤታቸው ሃያ ሁለት ሕፃናት ተሞሉ። መንግሥት አልላከም፣ ድርጅት አልላከም። ያመጧቸው ሱስ የያዛቸው እናቶች ራሳቸው ናቸው። ይህን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። እነዚያ ሴቶች በጋዜጣም በሰውም አፍ ልጃቸውን የማይወዱ፣ ለዕፅ የሸጡ እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። ነገር ግን ልጃቸውን የማይሰድባቸው ሰው ጋ ለማስቀመጥ አፈላልገው በር አንኳኩተዋል።

ለመጀመሪያው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ወጪውን የሸፈኑት የእማማ ሄል ልጆች ተጨማሪ ሥራ እየሠሩ ነው። በኋላ የማንሃተን አስተዳዳሪ የነበሩት ፐርሲ ሳተን የከተማው ድጋፍ እንዲገኝ ረዱ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ፈቃድ ያለው የሕፃናት ማሳደጊያ ሆነና በ122ኛው መንገድ ላይ ታድሶ ወደተዘጋጀ ባለ አምስት ፎቅ ቤት ገቡ። ስሙም ሄል ሐውስ ተባለ።

እዚህ ላይ ሕፃናቱ ምን ሆነው እንደሚመጡ ካልተነገረ የሴትየዋ ሥራ አይገባም። ሄሮይን የሚሠራው ከሞርፊን ነው። በየሆስፒታሉ ለከባድ ሕመም የሚሰጡት ሞርፊንና ፔቲዲን፣ በየመድኃኒት ቤቱ የምናውቀው ትራማዶልም የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ኦፒዮይድ ይባላሉ። ነፍሰ ጡር ሴት እነዚህን ስትወስድ መድኃኒቱ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። ጽንሱም ሰውነቱ ይለምደዋል። ልጁ ተወልዶ እትብቱ ሲቆረጥ ይመጣለት የነበረው ነገር በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ሕፃኑ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጩኸቱ ቀጭንና ሰው የሚበሳ ነው። ያልበዋል፣ ያስነጥሰዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። እጁን እንደራበው ሰው ይጠባል፤ ጡት ወይም ጡጦ ሲሰጡት ግን አስተካክሎ መሳብ አይችልም። እንቅልፍ የለውም። ሲብስ ሰውነቱ ይንፈራገጣል።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ልጅ ሱሰኛ ሆኖ ተወለደ ይላል፤ እኛም ጋዜጠኞች (ገና ተማሪ ብሆንም እኛ ልበል) እንደዚያው እንጽፋለን። ስህተት ነው። ሱስ ማለት ጉዳቱን እያዩ መፈለግ፣ ልተው ብሎ አለመቻል ነው። ጨቅላ ሕፃን ምንም አልፈለገም። ሰውነቱ የለመደው ነገር ተቋርጦበት ታመመ፤ ሕመሙም ያልፋል። ሱሰኛ የሚለው ቃል ግን አንዴ ከተለጠፈበት ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለዋል።

የእማማ ሄል ሕክምና ምን ነበር ቢባል፣ ማቀፍ ነው። አዲስ የመጣው ሕፃን የሚተኛው ከሳቸው ጋር፣ በሳቸው መኝታ ክፍል ነው። ሌሊት ሲጮህ ይነሣሉ፣ ያቅፉታል፣ ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ያወሩታል፣ ይዘምሩለታል። ስልሳዎቹን ጨርሰው ሰባዎቹ ውስጥ የገቡ አሮጊት ናቸው እኮ! እኛ ጋ ቢሆን አንቀልባ አለ፤ ሕፃን ያለቀሰ እንደሆነ ጀርባ ላይ ታዝሎ እሹሩሩ ይባላል። እማማ ሄል አንቀልባ አልነበራቸውም፤ ክንዳቸው ነው። ያ ሌሊት ለሳምንታት ይቀጥላል። ሕመሙ ሲያልፍለት ልጁ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ከሌሎቹ ትንንሽ ልጆች ጋር ይወጣል። ለሕመሙ መድኃኒት አይሰጡም ነበር።

ይህን የመጨረሻውን ነገር እንዲሁ አመስግኜ ማለፍ አልችልም። አንዳንዱ ሕፃን ላይ ሕመሙ ይጠናል፤ ተቅማጡና ትውከቱ ሰውነቱን ያደርቀዋል፣ መንፈራገጡም ሊገድለው ይችላል። ለእንዲህ ያለው በሆስፒታል በጣም ትንሽ ሞርፊን በጠብታ እየተሰጠ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። በ1975 የፊላደልፊያዋ የሕፃናት ሐኪም ሎሬታ ፊነጋን ምልክቶቹን በነጥብ የሚለካ ሠንጠረዥ አወጡ። የቱ ሕፃን መድኃኒት ይፈልጋል፣ የቱ አይፈልግም የሚለው ከግምት ወጥቶ በልኬት ሆነ። ለአርባ ዓመት ያህል ዓለም የሠራው በዚያ ነው። ማቀፍ ብቻውን ለሁሉም ይበቃል ማለት አደጋ አለው።

ሆኖም የእማማ ሄል ክንድ ከንቱ አልነበረም። በኋላ ሐኪሞቹ ራሳቸው ወደዚያ ተመልሰዋል። ከ2010 በኋላ አንዳንድ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ነጥብ መቁጠሩን ቀነስ አድርገው ሦስት ነገር ብቻ መጠየቅ ጀመሩ፤ ልጁ ይጠባል ወይ፣ ይተኛል ወይ፣ ሲያለቅስ ማባበል ይቻላል ወይ። ብርሃኑ ደብዘዝ ይላል፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ ልጁ ይታቀፋል፣ ይጠባል። መድኃኒት የሚመጣው ይህ ሁሉ ካልበቃ ነው። በ26 ሆስፒታሎች በ1,305 ሕፃናት ላይ የተደረገና በ2023 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በድሮው መንገድ የታከሙት ከሆስፒታል ለመውጣት የደረሱት በአማካይ በ14.9 ቀን ሲሆን በአዲሱ መንገድ የታከሙት ግን በ8.2 ቀን ነው። መድኃኒት ያስፈለጋቸውም ከመቶ 52 ወደ 20 ገደማ ወርደዋል።

ግን ልዩነት አለው፤ ትልቅ ልዩነት። በአዲሱ ሕክምና ሕፃኑን የምታቅፈው እናቱ ናት። እናትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ይተኛሉ። በሄል ሐውስ ግን እናቲቱ ሌላ ቦታ ነበረች።

እናቶቹ የት ነበሩ? እማማ ሄል ልጅን ከእናቱ ለመንጠቅ አልተነሡም። ቅድም ያልኩት የአደራ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። እናቲቱ ከሱሷ ለመታከም ትገባለች፤ ይህ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። እስከዚያ በየሳምንቱ እየመጣች ልጇን ታያለች። ስትድን ልጇን ይዛ ትሄዳለች። ወደ ሄል ሐውስ ከመጡት ልጆች አብዛኞቹ ለማደጎ አልተሰጡም፤ ወደ እናታቸው ወይም ወደ ዘመዶቻቸው ተመልሰዋል። እኔ በበኩሌ የሴትየዋን ሕይወት ሳነብ ከሌሊቱ ማቀፍ ይልቅ ያስደነቀኝ ይህ ነው። ጨቅላ ማሳዘኑ አይቀርም፤ ማንም ያቅፈዋል። ደንዝዛ በር ላይ የቆመችን ሴት ግን ልጅሽ ያንቺው ነው፣ ታክመሽ ነይ ብሎ መቀበል ሌላ ዓይነት ልብ ይጠይቃል።

ታክመሽ ነይ ማለት ደግሞ የሚያክም ሲኖር ነው። እማማ ሄል የመጀመሪያውን ሕፃን ከመቀበላቸው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በኒው ዮርክ፣ ዶክተር ማሪ ናይስዋንደርና ዶክተር ቪንሰንት ዶል ሜታዶን የሚባለውን መድኃኒት ለሄሮይን ሱሰኞች መስጠት ጀምረው ነበር። ናይስዋንደር ከዚያ በፊት በምሥራቅ ሐርለም ሱሰኞችን ያከሙ የነበሩ የአእምሮ ሐኪም ናቸው። በ1965 በ22 ሕሙማን ላይ ያዩትን አሳተሙ። ሜታዶንም ኦፒዮይድ ነው፤ ግን በቀን አንዴ ይጠጣል፣ ቀኑን ሙሉ ይቆያል፣ እንደ ሄሮይን አያሰክርም። ሰውየው ሥራ ይሠራል፣ ቤቱን ይመራል። ብዙ ሰው ሱስን በሱስ መለወጥ ነው ብሎ ተቃወመ። ዛሬም የሚቃወም አለ።

ለነፍሰ ጡሯ ጉዳዩ ከሁሉም ይከብዳል። አስተዋይ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ የሚመክራት አሁኑኑ ተይው ብሎ ነው። በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ግን ለሷም ለጽንሱም ጥሩ አይደለም፤ ሰውነቷ ይናወጣል፣ አብዛኛዎቹም ሳይቆዩ ወደ ዕፁ ይመለሳሉ። ሲመለሱ ሰውነታቸው የድሮውን መጠን ስለማይችል ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሞች የሚያደርጉት ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን በልክ እየሰጡ እርግዝናዋን መከታተል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱን በ2005 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ በ2014 ባወጣው መመሪያም ለነፍሰ ጡሮች ይመክራቸዋል። ልጁ ሲወለድ የመቋረጡ ሕመም ሊይዘው ይችላል፤ ነገር ግን ይህ የሚጠበቅና የሚታከም ነው። በ2010 የታተመ ጥናት ከቡፕረኖርፊን እናቶች የተወለዱት ሕፃናት ሆስፒታል የቆዩት በአማካይ 10 ቀን፣ ከሜታዶኖቹ ደግሞ 17.5 ቀን መሆኑን አሳይቷል። በሌላ በኩል ሕክምናውን አቋርጠው የሄዱት እናቶች በቡፕረኖርፊኑ ወገን በዝተዋል፤ ስለዚህ ሜታዶን አልተጣለም። በሕክምናዋ የጸናች እናት ሌላ ዕፅ እስካልወሰደች ድረስ ጡት እንድታጠባም ትበረታታለች። ማጥባቱ ራሱ የልጁን ሕመም ያበርዳል።

ወደ እማማ ሄል ልመለስ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1985 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ለኮንግረሱ ዓመታዊ ንግግራቸውን ሲያደርጉ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው እማማ ሄል በአዳራሹ ሰገነት ላይ ተቀምጠው ነበር። ፕሬዚዳንቱ አሜሪካዊት ጀግና ብለው ጠሯቸው፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ የአገሩ ጋዜጣና ቴሌቪዥን ወደ 122ኛው መንገድ ጎረፈ። ገንዘብም መጣ። በዚያው ጊዜ ክራክ የሚባለው የኮኬይን ዓይነት ሐርለምን አጥለቅልቆ ነበር። ኤች አይ ቪም ከእናቶቹ ወደ ሕፃናቱ መጣ፤ እማማ ሄል እነሱንም አቀፉ። ሰው ኤድስ ያለበትን ልጅ ለመንካት በሚፈራበት ዘመን ማለቴ ነው።

መቼስ እዚህ ላይ ስለ ሙያችን ትንሽ ማለት አለብኝ። ያኔ የተጻፉት ዘገባዎች አንድ ቅርፅ ነበራቸው፤ ነጭ ፀጉር ያላቸው ደግ አሮጊት፣ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን፣ ክፉ እናት። ሦስተኛዋ ስም የላትም፣ አትናገርም። ከዚህ ጋር የክራክ ሕፃናት ተብለው የተጠሩት ልጆች አእምሯቸው የጠፋ ትውልድ ይሆናሉ ተብሎ ተጻፈ። በኋላ ልጆቹን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ያ ሁሉ የተጋነነ እንደነበር አሳዩ፤ ብዙው ጉዳት የድህነትም ነበር። ዘገባው ግን ሥራውን ሠርቶ ጨርሷል። በደቡብ ካሮላይና ቻርለስተን ከተማ አንድ የሕዝብ ሆስፒታል የነፍሰ ጡሮችን ሽንት ሳያስፈቅድ እየመረመረ ውጤቱን ለፖሊስ ይሰጥ ነበር፤ ሴቶች ከወሊድ አልጋ ታስረዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያለው በ2001 ነው። በቴነሲ ግዛት ደግሞ በ2014 እናቶቹን በወንጀል የሚያስከስስ ሕግ ወጥቶ በ2016 እስኪያበቃ ድረስ ሠርቷል። የፈራች ነፍሰ ጡር ምን ታደርጋለች? የእርግዝና ክትትሏን ትተዋለች። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

እኛ ጋ ሄሮይን የለም ብሎ መጽናናት ይቻላል። በጊንጪ ገበያ ሄሮይን የሚሸጥ የለም። አረቄ ግን አለ። በደንዲም ሆነ በአምቦ ዙሪያ አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታስተምር እናት ብርቅ አይደለችም፤ ስታወጣ የምትቀምስ፣ ቀስ በቀስም የለመደባት አለች፤ እርጉዝ ሆናም ጭምር። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ጽንስን በመጉዳት አልኮል ከሄሮይን ይብሳል። የኦፒዮይዱ መቋረጥ ሕመም በቀናትና በሳምንታት ያልፋል። አልኮል በጽንሱ አንጎል ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ በእርግዝና ጊዜ ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም የሚባል መጠንም አልተገኘም። እንዲህ ያለችውን ሴት መንደሩ ሰካራም ብሎ ጨርሷታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷ ስትመጣ የለችም ይባላል። ጓሮ ተደብቃ ነው። አራስ ስትሆን ግን እኒያው ጎረቤቶቿ ገንፎ ይዘው ይመጣሉ፤ ልጁን እየተቀባበሉ ያቅፋሉ። እናቲቱ መጠጡን ስለመተዋ ከገንፎው ጋር የሚያነሣላት የለም፤ ነውር ነዋ።

እማማ ሄል በስተርጅና ነገር አላጣቸውም። የከተማው ሹማምንት ጨቅሎች በአንድ ግቢ ተሰብስበው ከሚያድጉ በየቤተሰቡ ቢሰጡ ይሻላል የሚል አቋም ስለነበራቸው ከሄል ሐውስ ጋር ተጋጩ፤ ቤቱም ይበልጡኑ በለጋሾች ገንዘብ የሚኖር ሆነ። ሹማምንቱ ፈጽሞ ተሳስተዋል ማለት ይከብዳል። በትልቅ ቤት ውስጥ በፈረቃ በሚለዋወጡ ሞግዚቶች የሚያድግ ልጅና በአንዲት ሴት መኝታ ክፍል ውስጥ የሚያድግ ልጅ አንድ አይደለም። የሄል ሐውስ ጉልበት እማማ ሄል ራሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ እያረጁ ነበር። ቢሆንም ሰማንያ ካለፋቸውም በኋላ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ሕፃን ከመኝታ ክፍላቸው አይጠፋም ነበር።

ዲሴምበር 18 ቀን 1992 በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ኒው ዮርክ ውስጥ አረፉ።

ከሞቱ በኋላ የሆነው አያምርም፤ ግን የሳቸውን ስም የያዘ ታሪክ ነውና መተው አይቻልም። ቤቱን የመራችው ያቺ በመንገድ ላይ አድራሻ የሰጠችው ልጃቸው ሎሬይን ነበረች። በ2001 ደይሊ ኒውስ የተባለው የኒው ዮርክ ጋዜጣ ለሕፃናቱ የተሰጠው ገንዘብ ለሌላ ነገር እየዋለ መሆኑን አጋለጠ። ምርመራ ተከፈተ፤ ሎሬይን ከኃላፊነቷ ለቀቀች። በ2002 እሷና ባለቤቷ በስርቆት ወንጀል ጥፋተኛነታቸውን ፍርድ ቤት ቀርበው አመኑ።  ቤቱ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመት በአዲስ ኃላፊዎች ቢሞከርም ሕፃናት የሚያድሩበት መሆኑ ቀረ።

በሐርለም ሌኖክስ ጎዳና ላይ፣ በ146ኛው መንገድ አካባቢ፣ የከተማው አውቶቡሶች የሚያድሩበት ትልቅ ጋራዥ አለ። እሳቸው ባረፉ በዓመቱ በስማቸው ተሰየመ። አሮጌው ሕንፃ ፈርሶ እንደገና ተሠርቶ በ2014 ሲከፈትም ስሙ አልተለወጠም። ማዘር ክላራ ሄል ይባላል። አውቶቡሶቹ ማታ እዚያ ይገባሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይጠገናሉ፣ ያድራሉ።